ለፀረ ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር መረብ አባላት፦ ስለ ሥልጠናው

የተወደዳችሁ እህቶች፤

ለሥልጠናው ከየማኅበራችሁ ሁለት ሁለት እህቶችን ላኩ። መረብ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው አንዲት እህት ስትዛወር ነው፤ የስልክ ቁጥሩም፣ ትውውቁም፣ የቤተሰቦቹም አመኔታ አብሯት ይሄዳል።

ስትመጡ ሰዎች ከቁምስናችሁ (ከአጥቢያችሁ) የሚወሰዱበትን መንገድ በወረቀት ላይ ሥላችሁ አምጡ፦ ደላላው የት ያርፋል፣ መኪናው ከየት ይነሳል፣ ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል? ከሆሳዕና በሞያሌ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱት በብዛት ወጣት ወንዶች ናቸው። ለቤት ሠራተኞች ብቻ የተዘጋጀ ትምህርት እዚያ አይሠራም።

አብዝተን የምንለማመደው ስልክ መቀበልን ነው። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ የምትደውል ልጅ መስመሩ በማንኛውም ሰዓት ሊቋረጥባት ይችላል። አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ አሁን የሚያሰጋሽ ነገር አለ? የት ሰፈር ነሽ? የአሠሪሽ ስም ማነው? ፓስፖርትሽ በማን እጅ ነው? መቼ ልደውልልሽ? ታሪኳ ይቆይ። ከተባባላችሁበት ሰዓት ውጪ አትደውሉ፤ አሠሪዋ ልታነሳው ትችላለች። ሕይወቷ የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር መጠለያ ሳይገኝላት «ጥለሽ ውጪ» አትበሏት፤ የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ የጠፋች ሠራተኛ ልትታሰር ትችላለች።

ስሟንም ፎቶዋንም በቴሌግራም ግሩፕ አትለጥፉ፤ መዝገቡ በኮድ ይያዝ።

ከተመለሰች በኋላ መክሰስ ከፈለገች በሰው መነገድን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን የሚያውቅ ጠበቃ ፈልጉላት። «ወድጄ ነው የሄድኩት» ብትልም ተስፋ አትቁረጡ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሰዎች ዝውውር ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ በማታለል የተገኘን ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም።

የተሳታፊዎቹን ስም የማኅበር አለቆች ይላኩልን።