ደብዳቤ ለልጄ፦ የቀን ሥራህን እንዳትለቅ

ሰላም ላንተ ይሁን የኔ ጌታ። እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው ነው። ስደውልልህ «እማዬ ትንሽ ቆይቼ» እያልክ ስለምትዘጋው ነው የምጽፍልህ። ሲጽፉ የሚያቋርጥ የለም።

እህትህ ነገረችኝ። አትቆጣት፣ እኔው ነኝ አስጨንቄ ያስወጣኋት። ከሆስፒታሉ ልትለቅ ነው አለችኝ። ጣቢያው ከቅዳሜው ሌላ የሥራ ቀኑን ምሽት ሁሉ ሊሰጥህ ነው፣ አንተም ላብራቶሪውን ትተህ ሙሉ ጊዜህን ሸክላ ልታጫውት ነው። ቅዳሜ ማታ በራዲዮ ስሰማህ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! በማግስቱ ይሄንን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ።

ከሁሉ በፊት ልበልህ፦ የቀን ሥራህን እንዳትለቅ።

ራዲዮውን ተው አላልኩም። አጣመህ እንዳትሰማኝ። ባለፈው ሜምፊስ መጥቼ ስቱዲዮው ውስጥ ጥግ ላይ አስቀምጠኸኝ አይቼሃለሁ። ሸክላውን በጨርቅ ጠርገህ፣ መርፌውን አሳርፈህ፣ በጣትህ ትንሽ ወደ ኋላ አዙረህ ይዘኸው፣ በዚያው ማይኩ ላይ እየተናገርክ ቃልህ ሲያልቅ ስትለቀው ዘፈኑ ካፍህ ተቀብሎ ቀጠለ። አንዲት ሰከንድ ባዶ አልነበረችም። ሥራህን የምታውቅ ሰው መሆንህ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስለዚህ ችሎታህን ተጠራጥሬ አይደለም።

ግን አንተው አይደለህ እንዴ ታሪኩን ያስተማርከኝ? ከተማውን ስታዞረኝ ስለ ደብሊው ዲ አይ ኤ ስንት ነገር ነገርከኝ። በ1947 ተከፍቶ (ዓመቱን እንደነሱ ነው የምጽፈው) ሰሚ አጥቶ ሊዘጋ የደረሰ ጣቢያ ነበር። ባለቤቶቹ ሁለት ነጮች ሲጨንቃቸው በ1948 ናት ዲ. ዊሊያምስን ማይክ ላይ አስቀመጡ። ብዙ ሳይቆይ ፕሮግራሙ በሙሉ ለጥቁር አድማጭ የሆነ የመጀመሪያው የአሜሪካ ጣቢያ ሆነ። በ1954 ኃይሉ 50,000 ዋት ደርሶ እስከ ታች ሚሲሲፒ ይሰማ ነበር። ታዲያ ናት ዲ. ዊሊያምስ ማን ነበር? የቡከር ቲ. ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ። ያ ሁሉ ዝና ሲመጣ ማስተማሩን ተወ? አልተወም። ጠዋት ጠመኔ፣ ከሰዓት በኋላ ማይክ።

ሩፈስ ቶማስ ደግሞ የሱ ተማሪ ነበር። እሱም ራዲዮ ገባ፣ ዘፈነ፣ ጨፈረ። በ1960 ከልጁ ከካርላ ጋር ያወጡት ሸክላ ነው ኋላ ስታክስ የተባለውን የሶል ሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ቤት መንገድ ያስያዘው። ይሄን ሁሉ ሲሠራ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ! ፋብሪካ ውሎ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ራዲዮ ጣቢያ ሄዶ ሕዝብ ያስቃል። እና ሩፈስ ቶማስ ያልደፈረውን አንተ በየትኛው አቅምህ ነው የምትደፍረው? ተናደህ ይሆናል። ተናደድ። ግን ሥራህን እንዳትለቅ።

የአባትህን ነገር ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም። ያን የፓርኪንግ ሥራ ጥሎ ሱቁን ሲከፍት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የነበርንበትን ቤት እንዴት እንደለቀቅን አትረሳም። ነፍሱን ይማረውና እሱም እንዳንተ ልበ ሙሉ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያልኩ ስጨቀጭቀው «አንቺ ሁልጊዜ ፈሪ ነሽ» ይለኝ ነበር። አንተም እንደዚያ እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ስታክስ ሙዚየም ስንገባ ያሳየኸኝ ሁለት ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። አንዱ ያቺ ከሚሲሲፒ ፈርሳ ተጭና መጥታ እንደገና የተገጠመችው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ናት። ቆሜ አማተብኩ፣ አንተ ሰው አየን ብለህ አፈርክ። ሁለተኛው የስታክሱ ዘፋኝ የአይዛክ ሄይስ ካዲላክ ነው፣ ሰማያዊ፣ ወርቅ የተለበጠ። እንዲያ ያለ መኪና የነዳ ሰው በ1976 ኪሳራ አወጀ። ድርጅቱ ራሱ ስታክስ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1975 መጨረሻ ወድቆ ነበር። በ1968 ደግሞ ስታክሶች ያን ሁሉ የዘፋኛቸውን የኦቲስ ሬዲንግን ዘፈን፣ ያን ሁሉ ድካም፣ ባለቤትነቱ የራሳቸው እንዳልሆነ ያወቁት ውሉን በደንብ ሳያነቡ ፈርመው ስለነበር ነው። ኦቲስ በ26 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ይሄንንም የነገርከኝ አንተ ነህ፣ እጅህን እያወናጨፍክ።

ስለዚህ ጣቢያው የሚሰጥህን ወረቀት እንዳትፈርም። መጀመሪያ ለእህትህ ላክላት፣ የምታውቃት ጠበቃ አለች። የተቀዳው ፕሮግራምህ የማን እንደሆነ ጠይቅ። ድምፅህን በሌላ ከተማ ጣቢያ ላይ ደግመው ሲያጫውቱት ይከፍሉሃል ወይ? ጠይቅ። በ1996 ሕጉ ሲላላ፣ ድሮ በመላው አገር ከ40 በላይ ጣቢያ መያዝ ያልተፈቀደለት ባለሀብት ያለገደብ መግዛት ሲጀምር፣ አንድ ድርጅት ብቻውን ከ1,000 በላይ ጣቢያ ሰብስቦ ነበር አላልከኝም? የየከተማውን ዲጄ አሰናብተው አንድ ሰው ሩቅ ቁጭ ብሎ ለብዙ ከተማ ይቀዳ ጀመር። ያንተም ጣቢያ ነገ ማን እንደሚገዛው አታውቅም። የሸጡት ዕለት ኢንሹራንስህ የት ነው? ያ አስምህስ? የምትስበው መድኃኒት ዋጋው ስንት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ክረምቱ ሳይገባ ሐኪምህ ጋ ሂድ። ዛሬ ደውለህ ቀጠሮ ያዝ፣ ነገ እንዳትለኝ።

አሁን ደግሞ ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ፣ ራዲዮውንም ለምን ተው እንዳላልኩህ ልንገርህ። ይሄን ለእህትህም አልነገርኳትም።

በ1983 ከካርቱም ዋሽንግተን ስመጣ እንግሊዝኛ የለኝም። ሥራ ያገኘሁት መሀል ከተማ የቢሮ ሕንፃ ማታ ማታ ማጽዳት ነው። የዕቃ ጋሪዬ ላይ ትንሽ ራዲዮ በፌስታል አንጠልጥዬ ነበር የምገፋው፣ ውሃ እንዳይነካት። አብራኝ የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት ሴትዮ ነበረች፣ 96.3 ላይ አድርጋ ሰጠችኝ፣ ደብሊው ኤች ዩ አር። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነው። ማታ ማታ ኳይት ስቶርም የሚባል ፕሮግራም ነበረው፣ ስሙን ከስሞኪ ሮቢንሰን ዘፈን የወሰዱት። አቅራቢው ሜልቪን ሊንድሲ ይባላል። በ1976 ገና ተማሪ ሳለ ሰው ቀርቶ በሱ ቦታ ተተክቶ ነው የጀመረው። ኋላ አገሩ ሁሉ ያን ዓይነት ፕሮግራም ገለበጠ።

ልጄ፣ ድምፁን ምን ብዬ ልንገርህ። አይጮህም። አይቸኩልም። ዘፈን ከዘፈን እያገናኘ ብዙ ካጫወተ በኋላ ነው የሚናገረው። እሱ ሲናገር የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን አጠፋዋለሁ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ አበራለሁ። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከትምህርት ቤት አይደለም፣ ከዚያ ሰውዬ አፍ ነው። ቃሉ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ እየደገምኩ እለው ነበር፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ፣ የሰው ጠረጴዛ እየጠረግኩ። በዚያ ከተማ ማንም የማያውቀኝ ጊዜ እሱ «እንዴት አመሻችሁ» ሲል ለኔ ይመስለኝ ነበር። አገሬን ያጣሁበት ዘመን ነበር። እናቴ የሞተችው ያን ዓመት ነው፣ የሰማሁትም ቆይቶ ነው። መርዶውን ከሰማሁ በኋላም ወደ ሥራ ገባሁ፣ አማራጭ አልነበረኝም። ያን ማታ አንድ ዘፈን አጫወተ። የወንድ ድምፅ ነው፣ ቀጭን፣ የሚለምን የሚመስል። ምን እንደሚል አላወቅኩም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የጣቢያው ስልክ ቁጥር በቃሌ ነበር። በየጠረጴዛው ስልክ አለ። ያን ዘፈን ማን ነው የሚዘፍነው ብዬ ልጠይቀው፣ እግረ መንገዴን ላመሰግነው ስንቴ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ! እንግሊዝኛዬን ፈራሁ። ይስቅብኛል አልኩ። ዛሬ ነገ ስል እሱ በ1985 ሌላ ጣቢያ ሄደ። በ1992 መሞቱን ሰማሁ፣ 36 ዓመቱ ነበር። አንተ ገና ጡት አልጣልክም። እናቴን ያለቀስኩበትን ማታ ያሻገረኝ ሰው እኔ መኖሬን ሳያውቅ ሞተ። አሁንም ድረስ ይቆጨኛል፣ ወጥ እየሠራሁ ድንገት ትዝ ይለኛል።

ዘፈኑን ስንት ዓመት አንጎራጎርኩት። አንተ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆነህ ወጥ ቤት ገብተህ «እማዬ ይሄ እኮ አል ግሪን ነው» ስትለኝ ትዝ ይልሃል? ያነበብከውን ሁሉ ዘረገፍክልኝ። ሜምፊስ ሮያል ስቱዲዮ እንደተቀዳ፣ ዊሊ ሚቸል የሚባል ሰው እንዳቀናበረው፣ ዘፋኙ በኋላ ፓስተር ሆኖ እዚያው ሜምፊስ ቤተ ክርስቲያን እንደከፈተ። ያን ቀን ነው አንተ በዚህ ነገር የተያዝከው። ስለዚህ ተው ብልህ ከየት አምጥቼ ነው?

ብቻ ስልኩን አንሳ። ማታ የሚደውልልህ ሰው እንግሊዝኛው የተሰባበረ ሊሆን ይችላል። የዘፈኑን ስም አያውቅም፣ ዜማውን ያሳስታል። አትቸኩልበት። ያ የከተማችሁ የድሮ ጣቢያ፣ ደብሊው ዲ አይ ኤ፣ ልጅ የጠፋበትን፣ በቅሎ የጠፋበትን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የጠፋበትን ሁሉ በማይክ እየጠራ ያፈላልግ ነበር። ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገዝቷል። ሸክላ ማጫወትማ ዛሬ ስልክም ይችላል። የሠፈሩን ሰው ማወቅ ግን ሜምፊስ የሚኖር፣ በርበሬውን ከዚያው ሠፈር የሚገዛ ሰው ይፈልጋል። የጣቢያው አለቃ የቀጠረህ ለሱ ይመስለኛል፣ በደንብ ካወቀበት። ለዚህ ደግሞ ቅዳሜና አንድ ሁለት ማታ ይበቃሃል። ሁለት ማታ ጨምርልኝ በለው፣ አምስቱን አትቀበል። የቀን ሥራህን እንዳትለቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርህ። ከኦቲስ ቀጥለህ አለማየሁ እሸቴን አጫውት። ትልቁ አጎትህ አስመራ ወታደር ሳለ የአሜሪካኖቹን የቃኘው ጦር ሰፈር ራዲዮ እየሰማ ነው ይሄን ሙዚቃ የለመደው፣ ለፈቃድ አዲስ አበባ ሲመጣ ጄምስ ብራውንን እያስመሰለ ያስቀን ነበር። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ በ1969 የአለማየሁን ሸክላ ሲያወጣ መጀመሪያ ከገዙት አንዱ አጎትህ ነው። ዘፈኑን ስታስገባ ብዙ አታብራራው። ስሙን ተናገርና ልቀቀው፣ የሚወደው ደውሎ ይጠይቅሃል።

በሚመጣ ሰው ሽሮና በርበሬ ልኬልሃለሁ፣ በርበሬው ያንተ ለብቻው የታሰረው ነው። የመኪናህን ዘይት አስቀይር፣ ድምፅ ነበረው ስመጣ። ጉሮሮህን ማታ ማታ በጨው ውሃ ተጉመጥመጥ፣ ቡናውን ቀንስ። ያቺን ልጅ ደግሞ ለፋሲካ ይዘሃት ና፣ አልቆጣም።

ለአለቃህ መልስ የምትሰጥበት ዓርብ ነው አሉኝ። ሐሙስ ማታ ደውልልኝ፣ አንተ ራስህ፣ በእህትህ በኩል እንዳይሆን። እስክትደውል አልተኛም፣ ስልኩ አጠገቤ ነው። ሥራህን እንዳትለቅ።

እናትህ