ውሉን ከመፈረምሽ በፊት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል።

ትናንት ደውለሽ «እማዬ፣ እኔም እንዳንቺ የሆስፒታል አስተርጓሚ ልሆን ነው፤ ኤጀንሲው ውሉን ልኮልኛል» ስትይኝ ደስ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወደ ነርሲንግ ትምህርትሽ እየተጣደፍሽ ስለነበር ሁሉንም አልነገርኩሽም። እዚህ ልጻፍልሽ።

ሥራውን አትያዢ አልልሽም። አንቺንም ወንድምሽንም ያሳደግነው በዚሁ ሥራ ነው። ዛሬም ሜሪላንድ ውስጥ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየዞርኩ እሠራዋለሁ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለታመመ ሰው ያለሽን ርኅራኄ ኤጀንሲው የዋጋ ቅናሽ እንዳያደርገው። እኛ ሰዎች ታማሚ ትተን መሄድ አይሆንልንም። እነሱም ያውቁታል። «አንዲት አዛውንት ብቻቸውን ቁጭ ብለዋል፣ እባክሽ ድረሺላቸው» ብለው ሲደውሉልሽ ስለ ክፍያው ሳትጠይቂ የመኪና ቁልፍሽን ታነሻለሽ።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እወቂ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ ለታካሚው በነጻ። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ከዚያ በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ ኦባማኬር የምንለው፣ ነገሩን አጠበቀው። በሱ ሥር የወጡት ደንቦች አስተርጓሚው ብቁ ይሁን ይላሉ። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ትንሽ ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም ማድረግንም ይከለክላሉ። በ2025 ማርች ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሲያደርጉ፣ ክሊንተን በ2000 የፈረሙትን የቋንቋ አገልግሎት ትእዛዝ ሽረውታል። ያኔ ብዙ ሰው «አስተርጓሚ ቀረ» ብሎ ደንግጦ ነበር። ሁለቱ ሕጎች ግን ኮንግረስ ያወጣቸው ናቸውና አሁንም አሉ።

ስለዚህ ሆስፒታሉ ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለኤጀንሲው ነው። ኤጀንሲው ድርሻውን ያነሳና የቀረውን ላንቺ ይልካል። ስንት እንደተቀበለ አይነግርሽም።

ውሉ ላይ «ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር» የሚል ታያለሽ። ሰው በታክስ ቅጹ ቁጥር «ቴን ናይንቲ ናይን» (1099) የሚለው እሱ ነው። በዚህ ከፈረምሽ በእነሱ ዓይን ሠራተኛ አይደለሽም። ታክስ አይቆርጡልሽም። አሠሪና ሠራተኛ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታው) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) ተካፍለው የሚከፍሉትን 15.3 በመቶ ብቻሽን ትሸከሚዋለሽ። ኦቨርታይም የለም። የሕመም ፈቃድ የለም። ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል እየዋልሽ የጤና ኢንሹራንሱን ራስሽ ነሽ የምትገዢው። ፓርኪንጉ ውስጥ በረዶ አንሸራቶሽ እጅሽ ቢሰበር ወርከርስ ኮምፕ፣ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ አይደርስልሽም። የ40 ሰዓት ሥልጠናው ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ብዙ ጊዜም ከኪስሽ ነው። የቲቢ ምርመራውም እንደዚያው።

በ2020 ኮቪድ የመጣ ጊዜ የኛ ቀጠሮዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲሰረዙ ታስታውሻለሽ። ኮንትራክተር ስለሆንን እንደ ወትሮው ቢሆን የሥራ አጥ ክፍያ አይመለከተንም ነበር። ኮንግረስ ለራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች ለይቶ ባይፈቅድ ኖሮ የቤት ኪራዩን ከየት እንደምናመጣው አላውቅም።

ክፍያውንም አስቢው። እንበል በሰዓት 30 ዶላር ሰጡሽ፣ ትንሹ ክፍያ ደግሞ የሁለት ሰዓት ነው። 60 ዶላር መሆኑ ነው። ሆስፒታሉ 15 ማይል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 30 ማይል። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ በ2025 ለአንድ ማይል የመኪና ወጪ 70 ሳንቲም ያስብ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ 21 ዶላር። ፓርኪንግ 12 ዶላር። 27 ቀረሽ። የ15.3 በመቶዋን ስታነሺ 23 ገደማ ነው። አንቺ ባለሽበት በሲያትል ትራፊክ መንገዱ፣ ቀድሞ መድረሱና ቀጠሮው ተደምሮ ሦስት ሰዓት ይበላል። በሰዓት ስምንት ዶላር እንኳ አይሞላም። በዚያው በ2025 የከተማሽ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 20.76 ዶላር ነበር፤ ኮንትራክተርን ግን አይጨምርም። ይሄ ሁሉ ታካሚው ከመጣ ነው። ካልመጣና ውሉ ስለ ቀረ ቀጠሮ የማይል ከሆነ ፓርኪንጉን ከፍለሽ ትመለሻለሽ።

ወረቀቷንም አትርሺ። ቀጠሮው ሲያልቅ የወጣሽበትን ሰዓት ጽፎ የሚፈርምልሽ ነርስ ያስፈልግሻል። ሁሉም ሩጫ ላይ ናቸው። ኮሪደር ላይ ቆመሽ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ፣ አንዷ ቀና እስክትልልሽ ትጠብቂያለሽ። ፊርማ ከሌለ ክፍያ የለም። ፊርማውም ኖሮ ገንዘቡ የሚገባው ከ45 ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስለ ሥራው ስለ ራሱ ልንገርሽ፤ ይህን ማንም ውል ላይ አይጽፈውም።

ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አልጽፍም፣ ሕጉም ሕሊናዬም አይፈቅዱልኝም። አንድ አባት ነበሩ። ከምርመራ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ልጃቸው ጠበቀኝ። «እህቴ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪው» አለኝ። ገባኝ። በኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። መጀመሪያ ቤተ ዘመድ ይሰማል፣ ከዚያ ሰው ይሰበሰባል፣ ለበሽተኛው ደግሞ ቀስ ተብሎ ነው። እኔ ግን የምሰማውን ሁሉ ማስተርጎም አለብኝ። «ወንድሜ፣ እዚያ ውስጥ የተባለውን መደበቅ አልችልም። የነገርከኝን ግን ለሐኪሟ ንገራት፣ አንድም ሳላስቀር አስተረጉምልሃለሁ» አልኩት። ነገራት። እሷም ጥሩ ሰው ነበረች። ወደ አባትየው ዞራ ስለ ሕመማቸው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ለልጄ ንገሩት፣ እሱ ይበቃኛል» አሉ። ልጁ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ክፍል ወጥቼ ሊፍቱ ጋ ሳልደርስ ኤጀንሲው ደወለ። ሌላ ሆስፒታል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ የወሊድ ክፍል። ልጄ፣ ከዚያ አባት አጠገብ ተነስቶ ሰው ቢያንስ ፊቱን መታጠብ አለበት። ሩብ ሰዓት መቀመጥ አለበት። ለዚያች ሩብ ሰዓት የሚከፍል የለም፤ ስለዚህ ማንም አይቀመጥም።

በስልክ የሚሠራው የማስተርጎም ሥራ ደግሞ ይብሳል። የሚከፈልሽ በደቂቃ ነው፣ የምታወሪባት ደቂቃ ብቻ። ጠሪ እስኪመጣ ሄድሴት አድርገሽ ቤትሽ ቁጭ ትያለሽ፤ ያ አይቆጠርም። የምትናገሪውም በመጀመሪያ ሰው ነው። ሐኪሙ «ሕፃኑን ማትረፍ አልቻልንም» ሲል አንቺም እንደዚያው ትያለሽ። እናትየዋ የሰማችው ካንቺ ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ጩኸቷም ላንቺ ነው። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል፣ ወዲያው ሌላ ጥሪ ይገባል፤ የጥርስ ቀጠሮ የሚያስለውጥ ሰው። ያን ጊዜ ድምፅሽ የደከመ እንዳይመስል ትታገያለሽ። የደከመ አስተርጓሚ የመድኃኒት መጠን ሊያሳስት ይችላል። ስለ ክፍያና ስለ ዕረፍት ስትከራከሪ ለታካሚውም እየተከራከርሽ መሆኑን ልብሽ ይወቀው። አትፈሪ።

እንግዲህ ውሉን ስታነቢ ሦስት ቦታ ላይ ረጋ በይ። የቀረና የተሰረዘ ቀጠሮ ስንት ሰዓት ሲቀረው ቢሰረዝ ነው የሚከፈልሽ? 24 ሰዓት የሚሉ አሉ፤ ያ ደህና ነው። ሁለተኛ፣ ስህተት ቢፈጠር የኤጀንሲውን የጠበቃ ወጪ ጭምር አንቺ ላይ የሚጥል አንቀጽ ካለ አልፈርምም በይ፤ ወይም የሙያ ኢንሹራንስ እነሱ ይግዙልሽ። ሦስተኛው ከኤጀንሲው ከወጣሽ በኋላ ያገኘሽው ሆስፒታል ውስጥ እንዳትቀጠሪ የሚከለክል ነው። ብዙ ልጆች ይህን አይተው ጥሩ ሥራ አልፏቸዋል። አንቺ ባለሽበት ዋሽንግተን ስቴት ከ2020 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ሕጉ ሲጀምር ኮንትራክተር ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ የሚጸናው ከዚያው ከፋይ በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ ለሚያገኝ ሰው ብቻ ነበር፤ መጠኑም ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ማን አስተርጓሚ ነው ያን የሚያገኘው? ስለዚህ አያስፈራሩሽ።

ደግሞ ሲያትል መሆንሽ ዕድል ነው። በ2010 የስቴቱ ምክር ቤት ሜዲኬይድ ለሚባለው፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ለተዘጋጀው የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ ታካሚዎች የሚያስተረጉሙ ሰዎች ተደራጅተው ከስቴቱ ጋር እንዲደራደሩ ፈቀደ፣ ኮንትራክተር ሆነው ሳለ። ማኅበራቸው ኢንተርፕሪተርስ ዩናይትድ ይባላል፤ በስቴቱ ሠራተኞች ዩኒየን ሥር ነው። እኔ ለእያንዳንዷ ዶላር ብቻዬን ነው የተከራከርኩት። አንቺ ብቻሽን አትሁኚ፣ ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ሃርበርቪው ሆስፒታልም ከ1990ዎቹ ጀምሮ አማርኛና ትግርኛ የሚችሉ ሰዎችን ቀጥሮ በታካሚና በሐኪም መካከል ሲያሠራ የኖረ ነው። ሆስፒታል ራሱ የሚቀጥርሽ ከሆነ ደብሊው ቱ፣ የተቀጣሪ ሠራተኛ የታክስ ወረቀት፣ ታገኛለሽ፣ ኢንሹራንስ ታገኛለሽ፣ አንዱን ክፍል ጨርሰሽ የምትቀመጪበት ወንበርም ይኖርሻል። ነርሲንጉን እየተማርሽ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢሆን እንኳ መጀመሪያ እዚያ አመልክቺ።

የማስመስከሪያ ፈተናውንም አታዘግዪው። ሲሲኤችአይ የሚባለው ብሔራዊ ኮሚሽን በአማርኛ የሚሰጥ የቃል ፈተና የለውም፤ ለስፓኒሽ፣ ለዓረብኛና ለማንደሪን ነው ያለው። የሁሉም ቋንቋ አስተርጓሚ የሚወስደውን የጽሑፍ ፈተና አልፈሽ ኮር ሲኤችአይ የሚባለውን የምስክር ወረቀት ማግኘት ግን ትችያለሽ። ወረቀቱ በእጅሽ ሲኖር ዋጋ ስትጠሪ ድምፅሽ አይንቀጠቀጥም።

ለኤጀንሲው ዛሬ ኢሜይል ጻፊ። «ውሉን እያነበብኩ ነው፤ የመንገድ፣ የፓርኪንግና የተሰረዘ ቀጠሮ ክፍያችሁን በጽሑፍ አሳውቁኝ» በያቸው። ቢያጣድፉሽም ቀን ጠይቂ። ውሉን በዋትስአፕ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አብረን እናየዋለን። አባትሽም የማይሉን ሒሳብ እሱ እንደሚይዝልሽ ነግሮኛል።

እናትሽ