ለሁለት ዓመት የሕፃናት የሙዚቃ ትምህርት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የሕፃናት ወዳጆች፤

በመሰብሰቢያ አዳራሻችን ጥግ አንድ አሮጌ ኪቦርድ አለ። ከቁልፎቹ አንዱ ቢጫኑትም ድምፅ አይሰጥም። ባለፉት ወራት በፈቃደኝነት እየመጣ ሕፃናቱን ሲያስተምር የቆየው መምህር አንድ አጭር ዜማ ያለማመዳቸው በዚሁ መሣሪያ ሲሆን፣ ዜማው ደግሞ በዚያ ዲዳ ቁልፍ ላይ ሁለት ጊዜ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ግራ እየተጋቡ እጃቸውን ያነሱ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ግን አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ቁልፉን በጣቷ እንደተጫነች የጎደለውን ድምፅ በአፏ አወጣችው፤ ቅጥነቱም ርዝመቱም ልክ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሎቹም እንደ እሷ ያደርጋሉ። መሣሪያው የነፈጋቸውን ድምፅ በውስጣቸው ቀድመው ይሰሙታል፤ ሰዓቱን ጠብቀውም ያወጡታል። ይህን ጥሪ ለመጻፍ ያነሣሣን ያ ቀን ነው።

ጥያቄያችን ባጭሩ ይህ ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 7 ዓመት የሆኑ 40 ሕፃናት በአራት ቡድን ተከፍለው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለ40 ደቂቃ፣ ለሁለት ሙሉ ዓመት ሳይቋረጥ የሙዚቃ ትምህርት የሚያገኙበትን ዕቅድ አዘጋጅተናል። በፈቃደኝነት የሚያስተምር ሰው የራሱ ሥራ ሲበዛበት መቅረቱ አይቀርምና (አንወቅሰውም፤ እስካሁን ያደረገውም ብዙ ነው) ደመወዝ የሚከፈለው ቋሚ መምህር ያስፈልገናል። ስለዚህ የምንለምነው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሳይሆን፣ ትንሽም ብትሆን በየወሩ ለ24 ወራት የምትዋጣ መዋጮ ነው። ለምን ሁለት ዓመት፣ ለምንስ በየወሩ እንዳልን የማስረዳት ግዴታ አለብንና ቀጥሎ ያለውን በትዕግሥት እንድታነቡልን እንጠይቃለን።

አስቀድመን የማንገባውን ቃል እንናገር። ስለ ሙዚቃና ስለ ሕፃናት አእምሮ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው «ሞዛርትን ያዳመጠ ሕፃን ብልህ ይሆናል» የሚለውን ወሬ ነው። የወሬው መነሻ በ1993 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመራማሪዋ ፍራንሲስ ራውሸርና ባልደረቦቿ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት አጭር ጽሑፍ ነው። የተፈተኑት 36 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ እንጂ በመካከላቸው አንድም ሕፃን አልነበረም። ለ10 ደቂቃ የሞዛርትን የፒያኖ ሙዚቃ ካዳመጡ በኋላ ቅርፅን በዓይነ ሕሊና እያገላበጡ ማሰብን በሚጠይቅ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ብልጫው ግን ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። ከዚህች ውጤት ተነሥተው ነው በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ በግዛታቸው ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የሙዚቃ ቅጂ ለማደል 105,000 ዶላር በጀት የጠየቁት። ከዚያ በኋላ ሙከራውን የደጋገሙ ሌሎች ተመራማሪዎች ያን ያህል ነገር አላገኙም። ልጆች በተኙበት ሙዚቃ እንክፈትላቸው የሚል ሐሳብ በዕቅዳችን ውስጥ የማይገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ትምህርቱን በሚመለከት ነገሩ ከዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም ብዙ ሊጋነን አይገባውም። በካናዳዋ ከተማ በቶሮንቶ ግሌን ሼለንበርግ የተባለ ተመራማሪ 144 የስድስት ዓመት ልጆችን በዕጣ በአራት መደባቸው። አንዱ ቡድን ኪቦርድ፣ ሁለተኛው በድምፅ መዘመርን፣ ሦስተኛው ድራማ ሲማር፣ አራተኛው ለጊዜው ምንም ሳይማር ቆየ። በ2004 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከ36 ሳምንት ትምህርት በኋላ የሁሉም ልጆች የአይኪው (የብልህነት መለኪያ ፈተና) ውጤት ከፍ ብሎ ነበር፤ ሙዚቃ የተማሩት ግን ከሌሎቹ ይልቅ ሦስት ነጥብ ባልሞላ ብልጫ ጨምረዋል። ድራማ የተማሩት በአይኪው ባይበልጡም ከሰው ጋር በመግባባት ጠባያቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። በ2020 ደግሞ ጆቫኒ ሳላና ፈርናንድ ጎቤ ወደ 7,000 የሚጠጉ ልጆች የተሳተፉባቸውን 54 ጥናቶች አንድ ላይ መርምረው፣ ለማነጻጸሪያ የተወሰዱት ልጆች ሌላ ትምህርት ወይም ሥልጠና ባገኙባቸው ጥናቶች ላይ ሙዚቃ በአጠቃላይ ብልህነትና በትምህርት ውጤት ላይ ያለው ብልጫ ከምንም የማይቆጠር እንደሆነ አሳይተዋል። ይህን አንቀጽ ስንጽፍ ከኮሚቴያችን አባላት አንዳንዶቹ «ለጋሽ ታባርራላችሁ» ብለው ሰግተው ነበር። እኛ ግን በሐሰት ተስፋ የተሰበሰበ ገንዘብ ወላጅ የልጁን የፈተና ውጤት ባየ ማግስት መቋረጡ አይቀርም ብለን እናምናለን።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ጆሮ ነው። ጆሮ ስንል በራስ ቅላችን ግራና ቀኝ ያለውን አካል ብቻ ሳይሆን፣ አንጎል የሰማውን ድምፅ ለይቶ፣ ቆራርጦና በቅደም ተከተል ይዞ ትርጉም የሚሰጥበትን ችሎታ ጭምር ማለታችን ነው። «አለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ላልቶ ሲነገር «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር «ይገኛል» ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረገው ነው፤ ሲጠብቅ የበላዩ ወይም ተቀዳሚው ነው። ፊደሉ አንድ ስለሆነ ዓይን ሊለያቸው አይችልም። ልዩነቱ ያለው አንዲት ተነባቢ ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ለሚያህል ጊዜ በመርዘሟ ወይም በማጠሯ ላይ ነው። «ተ»ንና «ጠ»ን፣ «ከ»ንና «ቀ»ን የሚለየውም እንዲሁ ቅጽበታዊ የድምፅ ጠባይ ነው። ማንበብ የሚጀምር ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቅበት ቃልን በየድምፁ መቆራረጥ፣ የቆረጠውን ቅደም ተከተሉን ሳያፋልስ በአእምሮው መያዝና ከፊደል ጋር ማገናኘት ነው። በዚህ የሚቸገር ልጅ ፊደሉን ቆጥሮ ቢጨርስም ንባቡ ይንገዳገዳል።

የሙዚቃ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር በቅርብ የተዛመደ ነው። ድምፁ መቼ ጀመረ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ከፊተኛው ቀጠነ ወይስ ወፈረ፣ ምቱ የወደቀው የት ላይ ነው የሚሉት ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ትምህርት ደጋግመው ይነሣሉ፤ ልጁም መልሱን በአፉ ሳይሆን በእጁና በድምፁ ይሰጣል። በጀርመን ፍራንሲስካ ዴጌና ጉድሩን ሽዋርትሰር ትምህርት ቤት ያልገቡ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን በሦስት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን ሙዚቃ፣ ሁለተኛውን ቃልን በየድምፁ የመለየት ልምምድ፣ ሦስተኛውን ስፖርት፣ በቀን 10 ደቂቃ ለ20 ሳምንት አሠሩ። በ2011 ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹት ሙዚቃ የሠሩት ልጆች የቃልን ድምፆች በመለየት ያሳዩት መሻሻል ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የተዘጋጀውን ልምምድ ከሠሩት ጋር የሚመሳሰል ነበር፤ ስፖርት የሠሩት ግን ይህን መሻሻል አላሳዩም። ከጥናቶቹ ሁሉ እኛን ይበልጥ ያሳመነን ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚናገረው ስለ ብልህነት ሳይሆን አንድ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት በሥራዋ ላይ በየቀኑ ስለምትገጥመው ችግር ነው።

አሁን ወደ ሁለት ዓመቱ እንምጣ። በሎስ አንጀለስ ከተማ አቅም ከሌላቸው ቤተሰቦች የመጡና ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ነፃ የሙዚቃ ትምህርት ሲከታተሉ፣ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዋ ኒና ክራውስና ባልደረቦቿ የልጆቹ አንጎል ለንግግር ድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ መለኪያዎች ይመዘግቡ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ የታየ ለውጥ አልነበረም። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ግን የሚመሳሰሉ የንግግር ድምፆችን አንጎላቸው አጥርቶ የሚለይ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ2014 ታትሟል። አንድ ዓመት ተምረው ያቆሙ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ተመራማሪዎቹ «ምንም አላገኘንም» ብለው መዝገባቸውን ይዘጉ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2013 በአሜሪካ የአራት ዓመት ልጆችና ወላጆቻቸው ለስድስት ሳምንት ያህል የሙዚቃ ትምህርት የወሰዱባቸው ሁለት ሙከራዎች ውጤት ታትሞ፣ በልጆቹ አስተሳሰብ ላይ የሚታመን ጥቅም አልታየም። ስድስት ሳምንት ልጁ ከመምህሩ ጋር የሚላመድበት ጊዜ ነውና አይገርመንም።

በኛው ክፍል ካየነው ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። መምህሩ የሚያሠራቸው አንድ የከበሮ ልምምድ አለ፤ አራት ጊዜ ይመታሉ፣ አራት ምት ያህል ጸጥ ይላሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድነት ይገባሉ። አንድ ልጅ ሁልጊዜ በጸጥታው ሦስተኛ ምት ላይ ይቀድምና ከበሮውን ይመታ ነበር። አሁን በጸጥታው ጊዜ ከንፈሩን ነክሶ በጫማው ውስጥ በእግሩ ጣት ሲቆጥር ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓቱ ይገባል፤ አንዳንድ ቀን ዛሬም ይቀድማል። ይህ ራስን መግታት ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ሌላው ትምህርቱ ይከተለው እንደሆነ የምንምለው ነገር የለም። አብሮ መምታትና አብሮ መዘመር ልጆችን እንደሚያቀራርብ ግን በ2010 የወጣ የኪርሽነርና የቶማሴሎ ጥናት ያሳያል፤ በሙዚቃ አብረው የተጫወቱ የአራት ዓመት ልጆች ያለ ሙዚቃ ከተጫወቱት ይልቅ ኋላ ላይ ለመረዳዳት ፈጥነዋል።

ካለፈው ስሕተታችንም ተምረናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ለጋሽ ለሕፃናቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ ሰጥቶን ነበር። ርክክቡ በደመቀ ሁኔታ ተካሄደ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ መምህር ግን አልነበረንም። መሣሪያዎቹ በዕቃ ቤት ተቆልፈው ቆይተው ሲከፈቱ የከበሮዎቹ ቆዳ ረግቦ፣ የጊታሮቹ ክር ዝጎ ተገኘ። ጥፋቱ የሰጪው አልነበረም፤ የእኛ ነው። በዚህ ምክንያት ከሚሰበሰበው መዋጮ አብላጫው ለመምህር ደመወዝ ይውላል። ለመሣሪያ የምንመድበው ጥቂት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ትናንሽ ከበሮዎች፣ ጸናጽልና ሁለት ደህና ኪቦርዶች ይበቃሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ደግሞ የራሳቸው ጉሮሮ ስለሆነ አይገዛም። ገንዘብ የማይመቸው ሰው በሌላ መንገድ ሊያግዝ ይችላል። አዳራሹ ስለሚያስተጋባ ልጆቹ ያወጡትን ድምፅ አጥርተው አይሰሙም፤ ያገለገለ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ቢሰጠን ትልቅ ውለታ ነው።

ተማሪዎቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው። የኮሚቴ አባል ልጅ ቅድሚያ አያገኝም፤ መዋጮ የከፈለ ወላጅ ልጅም እንደዚሁ። ዕጣ ያልወጣላቸው በተጠባባቂነት ተመዝግበው ቦታ ሲለቀቅ ይተካሉ። በመጀመሪያው ሳምንትና በየስድስት ወሩ መምህሩ እያንዳንዱ ልጅ ምትን ጠብቆ ማጨብጨብ፣ የሰማውን አጭር ዜማ መድገምና ቃልን በየድምፁ መቁረጥ መቻሉን ይመዘግባል፤ መዝገቡንም ወላጅ ያየዋል። የአይኪው ፈተና አንሰጥም።

ገንዘቡ የሚገባው ሦስት ሰዎች ካልፈረሙ በማይከፈት የባንክ ሒሳብ ሲሆን፣ የገባውና የወጣው በየወሩ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቃል የተገባልን መዋጮ የመምህሩን የ24 ወር ደመወዝ የማይሸፍን ከሆነ ትምህርቱን አንጀምርም፤ የተከፈለውንም ለየባለቤቱ እንመልሳለን። ጀምረን በስምንተኛው ወር ከምናቆም ባንጀምር ይሻላል የሚል አቋም የያዝነው ከላይ በተገለጸው ምክንያት ነው። በየወሩ ለማዋጣት የምትፈቅዱ ሁሉ በአዳራሹ መግቢያ በተቀመጠው መዝገብ ላይ ስማችሁንና የምትችሉትን መጠን እንድትጽፉ በአክብሮት እንጠይቃለን። መዝገቡ ለሁለት ወር ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ስሙ እንዲታወቅ የማይፈልግ «አንድ ወዳጅ» ብሎ መመዝገብ ይችላል።

አሮጌውን ኪቦርድ ለመጠገን ፈቃደኛ የሆነ ባለሙያ ካለም በደስታ እንቀበለዋለን። መምህሩ ግን ልጆቹ የያዙትን ዜማ እስኪጨርሱ ድረስ ያ ቁልፍ እንዳይነካ አደራ ብሏል።