ካርታው በስሙ ቢሆንስ?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ለአንዲት ጠያቂ «ካርታው በባልሽ ስም ከሆነ ቤቱ የእሱ ነው» ብላችሁ የሰጣችሁት ምላሽ ስህተት ነው፤ ቢታረም መልካም ነው።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 63 እንደሚለው፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ቤት የግል ነው፤ ኪራዩ ግን፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ፣ የጋራ ነው። የግል ቤቱን ሸጦ ሌላ የገዛም ፍርድ ቤት አመልክቶ «የግል ነው» ካላስባለ አዲሱ ቤት ከጋራ ንብረት ይቆጠርበታል።

ሚስት ሳትስማማ የጋራው ቤት ከተሸጠ፣ አንቀጽ 69 ውሉን ለማፍረስ የሚሰጣት ጊዜ ካወቀች ጀምሮ 6 ወር ብቻ ነው። ባታውቅም እንኳ ውሉ ከተፈረመ 2 ዓመት ካለፈው አበቃ። ሽምግልና ተጀምሮ ከሆነ ይቀጥል፤ ግን ሽማግሌ ሲመላለስ 6ቱ ወር እንዳያልቅ ክሱ ቀድሞ ይከፈት። የጋብቻ ማስረጃና የካርታውን ኮፒ አያይዛ ባልንም ገዢንም አንድ ላይ ትክሰስ፤ በዚያው ቀን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ቤቱ ወደ ገዢው ስም እንዳይዞር እግድ ትጠይቅ። የእግዱን ትእዛዝ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞር ስም ዝውውር አያስቆምም፤ ይዞታውን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ገቢ አድርጋ ኮፒው ላይ ማኅተምና ቀን ታስመታ። ሻጩ «ያላገባ» የሚል ወረቀት አቅርቦ ከሆነም፣ ከውሉ ጋር የተያያዘው ሰነድ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝላት ታመልክት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ