ስለ ጆርጅ ሊትልፊልድ የተዘለለው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቴክሳሱ ከብት አርቢና የባንክ ባለቤት ጆርጅ ሊትልፊልድ ያወጣችሁት ጽሑፍ ሀብቱን ለዕድል ሰጥቶታል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ሰውየው የገንዘብን ሥራ የተማረው ባንክ ከመክፈቱ 20 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በከብት ንግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1871 ዕዳ ሲያስጨንቀው የራሱንና ከሌሎች የገዛውን ከብት ሰብስቦ ካንሳስ ውስጥ እስከምትገኘው የአቢሊን የባቡር ጣቢያ ድረስ ነዳ። ሸጦ ዕዳውን ከፈለ፤ በተረፈው ጎንዛሌስ ከተማ ሱቅ ከፈተ። ከብቱ ቴክሳስ ተትረፍርፎ ነበር፣ ገዢው ግን ሰሜን ነው፤ ትርፉም ከዚሁ ልዩነት ይመጣል። ኪሳራው ያለው መንገድ ላይ ነው። መንጋ በቀን ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር እየጋጠ ቢሄድ ይበቃዋል፤ ካጣደፉት ከስቶ ገበያ ይገባና ዋጋው ይወድቃል።

በ1877 በሰሜን ቴክሳስ፣ በካናዲያን ወንዝ ዳር፣ ታስኮሳ አጠገብ ያቋቋመውን የከብት ርቢ በ1881 ለአንድ የስኮትላንድ ኩባንያ በሩብ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ። ቀጥሎ ወደ ኒው ሜክሲኮ፣ ወደ ፔኮስ ወንዝ ዞረ። ብልሃቱ በደንብ የሚታየው እዚህ ነው። ከብት ከውሃ ብዙ ርቆ መጋጥ ስለማይችል፣ ወንዝ ዳሩንና ምንጩን የያዘ ሰው በዙሪያው ያለውን የመንግሥት ግጦሽ ሳይገዛው ይጠቀምበታል። ወንዝ በሌለበት ደግሞ ጉድጓድ አስቆፍሮ በነፋስ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ አስተከለ።

በ1890 በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን አሜሪካን ናሽናል ባንክን መሠረተ። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ የብሪታንያ ባለሀብቶች ከብቱን ሜዳ ወርደው ሳይቆጥሩ በመዝገብ ብቻ ገዝተው ነበር። መዝገብ የሚወለደውን በግምት ይጨምራል፤ የሞተውንና የተሰረቀውን ግን ብዙ ጊዜ አይቀንስም። የ1886 እና የ1887 ከባድ የበረዶ ክረምቶች መንጋውን ሲፈጁ ጉድለቱ ገሃድ ወጣ። በከብት መያዣ ለሚያበድር ሰው ውሃውንና ሣሩን ማወቅ የግድ ነው፤ ሊትልፊልድ ይህን ከማንም ባንከኛ በላይ ያውቅ ነበር።

ስለ ውርሱ የጻፋችሁትም ጎደሎ ነው። ያደገው በባሪያ ጉልበት ከሚታረስ የጥጥ እርሻ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም ባርነትን ለማቆየት ለተገነጠለው ለደቡቡ ወገን ተዋግቶ ቆስሏል። ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በ1914 የደቡቡን ታሪክ ሰነዶች መሰብሰቢያ ገንዘብ፣ በ1918 ደግሞ የሬን ቤተ መጻሕፍት የተባለውን የብርቅ መጻሕፍት ስብስብ ሰጠ። ይህን አመስግናችኋል፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው። ነገር ግን የደቡቡን መሪዎች ሐውልቶች በዚያው ግቢ ያስቆመው የዚሁ ሰው ገንዘብ ነው። የደቡቡ ፕሬዚዳንት የነበረው የጄፈርሰን ዴቪስ ሐውልት በ2015፣ የቀሩት በ2017 ከቦታቸው ተነሥተዋል። በሚቀጥለው እትማችሁ ይህንንም ብታክሉበት የሰውየው ታሪክ ይሟላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ