ከፍልሰታ በፊት ስለ ንስሐ አባት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ በከተማችን ብዙ ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን ሳይክዱና ከማንም ጋር ሳይጣሉ ከእግዚአብሔር ቤት ርቀው መክረማቸውን፣ መመለስ ሲሹም ቅርቡን መንገድ፣ የንስሐ አባትን፣ ትተው ሩቁን ሲፈልጉ መዋላቸውን ስለማይ ነው።

እንዲህ ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከጥርጣሬ አይነሣም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ በተደረገ ጊዜ ኪዳን ማድረስ ያቋረጠ፣ ክልከላው ሲነሣም በዚያው የቀረ ሰው ጥቂት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭትና በሰዓት እላፊው የተነሣ ለማኅሌትም ሆነ ለኪዳን በጨለማ መውጣት የሚያስፈራባቸው ወራት አሳልፈናል። ውዳሴ ማርያም ሳይደግም ከቤቱ የማይወጣ የነበረ ሰው መጀመሪያ ጸሎቱን ያሳጥራል፤ ቀጥሎ ረቡዕና ዓርብን ይረሳል፤ በመጨረሻም እሑድ እንደ ማንኛውም ቀን ይሆንበታል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ቀስ በቀስ እንደሚከብድ ሁሉ የሰውም ነፍስ እንዲሁ ናት፤ መክበዷን ባለቤቱ የሚያስተውለው ከዳር ርቆ ከሄደ በኋላ ነው።

ሌላው ምክንያት ብዙም ሲነገር አልሰማም። ባሕር ዳር ተከራይቶ የሚኖረው ሰው አብዛኛው ከጎጃም ወይም ከጎንደር ገጠር የመጣ ነው፤ የነፍስ አባቱም፣ ማለትም የንስሐ አባቱ፣ የቀሩት እዚያው በትውልድ ደብሩ ነው። በአገሩ ሳለ የነፍስ አባት ቤተሰቡን በስም የሚያውቁ፣ በበዓል ጠበል ሊረጩ የሚመጡ፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ የሚያስታርቁ፣ አንድ እሑድ ቢቀር «ምን ሆነህ ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ከተማ ከገባ በኋላ ግን ዐሥር ዓመት ቢቀር እንኳ ቀረህ የሚለው የለም። የንስሐ አባት አለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎን ይላል፤ የሚያገኛቸው ግን ለክርስትና፣ ለፍትሐትና ለተዝካር ብቻ ነው።

የዚህን ውጤት በየቅዳሴው ፍጻሜ ማየት ይቻላል። ለሥጋ ወደሙ የሚቀርቡት በእናታቸው ጀርባ ያሉ ሕፃናትና በትር የተደገፉ አረጋውያን ናቸው። በመካከል ያለው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውና ፈተናው የበረታበት ሰው ጫማውን አውልቆ ዳር ቆሞ ያስቀድሳል፤ «ስሸመግል እቆርባለሁ» ይላል። መቁረብ የእርጅና ማዕረግ ነው ብሎ ማን እንዳስተማረን አይገባኝም፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላስተማረችም።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቀን ልቡ ይነካል እንበል። ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራውን ትቶ በጣና ደሴት ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሱባኤ መግባት ወይም የካቲት 16 ቀን ዘጌ ለኪዳነ ምሕረት መሳለም። በእነዚህ ቅዱሳት መካናት ላይ ክፉ ቃል የለኝም፤ ከመሄድ የሚገኘውንም በረከት አልንቅም። ነገር ግን በጀልባ ደርሶ አልቅሶ የተመለሰው ሰው በሳምንቱ ያው እንደ ነበረ ሲሆን፣ «እኔስ ልቤ ደንድኗል» ብሎ ከፊተኛው ይልቅ ተስፋ ሲቆርጥ አይቻለሁ። የሚጠብቀው የልጅነቱ እንባ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምር የነበረው ደስታ ተመልሶ እንዲመጣለት ነው፤ ያ ስሜት ካልመጣ እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረበት ይመስለዋል።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን የጠፋውን ስሜት መልሰህ አምጣ አይልም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 ላይ የቀደመ ፍቅሯን ለተወችው ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የተነገራት፣ ከወዴት እንደ ወደቀች እንድታስብ፣ ንስሐ እንድትገባና የቀደመውን ሥራዋን እንድትሠራ ነው። የጎደለው ፍቅር ሆኖ ሳለ የታዘዘው ሥራ ነው። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የተሣለውን፣ ሰው ይበላ የነበረውን በላዔ ሰብእን ፎቶ የሚያነሣ ሁሉ ያ ሰው በምን እንደ ዳነ ያውቃል፤ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የጴጥሮስ ታሪክ ይገርመኛል። ጌታውን ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ወደ መረቡ ተመልሶ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ አንዳች ሳይዝ አደረ። ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሞ ጠበቃቸው፤ በፍም ላይ ዓሣ፣ ከእርሱም ጋር እንጀራ አዘጋጅቶ አስቀድሞ አበላቸው፤ «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። ለምን ካድህ አላለውም፤ ከካደባት ሌሊት በኋላ ምን ያህል እንዳለቀሰም አልጠየቀውም። ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ አለው። ሌሊቱን በጣና ላይ አድረው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ አጥማጆችን የምናውቅ እኛ የባሕር ዳር ሰዎች የዚያ ንጋት ድካም ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

ስለዚህ ከርቀት የሚመለስ ሰው የሚጀምርበት ቦታ የንስሐ አባቱ ዘንድ ነው እላለሁ። ሁለት ነገር ሰውን ያስፈራዋል። አንዱ እፍረት ነው፤ ሆኖም ካህኑ የሰሙትን ለማንም እንዳይናገሩ በሥርዓት የታሰሩ ናቸው። ሁለተኛው ቀኖናው ይከብደኛል የሚለው ፍርሃት ነው። አስተዋይ አባት ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ዳዊቱንና ምጽዋቱን እንደ ሰውየው አቅም ይመዝናል፤ ከንጋት እስከ ምሽት ባጃጅ ለሚያሽከረክር ወጣት በገዳም ለተቀመጠ መነኩሴ የሚገባውን አይሰጥም። ከበደኝ ብሎ መንገርም ነውር አይደለም። ያለ ተክሊልና ያለ ቁርባን አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስትም ጉዳያቸው የሚስተካከለው እዚያው ነው፤ እነርሱ ግን በዚሁ ምክንያት ከሁሉ አብዝተው ይሸሻሉ።

የከተማችን አድባራት አስተዳዳሪዎችን በትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚነገረው ማስታወቂያ አብዛኛው የሕንፃ ማሠሪያ መዋጮና የጉዞ ምዝገባ ሆኗል። በዚያው ማስታወቂያ ላይ ንስሐ ለመቀበል የሚቀመጡት አባቶች እነማን እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና በየትኛው ክፍል እንደሚገኙ ቢነገር፣ በተለይም ሰው ሁሉ ከሥራ ከወጣ በኋላ የሚገኙበት ሰዓት ቢመደብ፣ የት ልሂድ ብሎ በዓጸዱ ቆሞ የሚመለሰው ሰው ይቀንሳል። የጋዜጣችሁ የሃይማኖት ዓምድም በፍልሰታ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ሊቅ አባት ጋብዞ፣ የነፍስ አባቱን በገጠር ትቶ የመጣ ሰው በከተማ እንዴት አዲስ አባት እንደሚይዝ፣ የቀድሞ አባቱንም እንዴት እንደሚሰናበት ቢያስረዳን እጅግ እናመሰግናለን። ጥያቄውን ለማቅረብ የሚያፍሩ ብዙዎች ስላሉ፣ የጠያቂዎች ስም ሳይገለጽ ቢስተናገድ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር