ጉዳዩ፦ «ይኸው ምልክቱ!» ስለተባልኩበት አምፕሊፋየር (ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጎላው መሣሪያ)

ለሽያጭና ጥገና ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ግዢው አልደግምም፤ ፕሮፎርማውም ደረሰኙም ዋስትናውም እናንተ ጋ አለ። የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ስለሆነው ነው።

ቴክኒሻናችሁ «ጠዋት 3 ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። እሺ፣ መንገድ ነው። እኔ ግን ሃይድራዋን፣ ያቺን ትንሽ የኩሬ ውኃ እንስሳ፣ ውኃ ያለበት ሳህን ላይ አድርጌ፣ ምልክት የሚቀበለውን ኤሌክትሮድ ገላዋ ላይ አስይዤ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ገባና ቦርሳውን ሳያወርድ ስክሪኑን አየ። ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድ ዓይነት ሞገድ ይሄዳል።

«ይኸው ምልክቱ! እየሠራ ነው እኮ። ሌላ ምን ፈልገሽ ነው?»

ልጄ የሚሆን ሰው ነው፤ «አንቺ» ማለቱን ልተወው። መልስ አልሰጠሁትም። ሃይድራዋን በፒፔት መጥጬ ሌላ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኳት። ሞገዱ ንቅንቅ አላለም። ባዶው ውኃ «ምልክት» ይሰጣል! በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ማለትም ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው የመብራቱ 50 ኸርዝ። ልጁ እኔን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ ከዚያ «እንግዲህ እንስሳዋ ሞታ ይሆናላ» አለኝ። እሷ ብርጭቆው ውስጥ እጆቿን ዘርግታ ተቀምጣለች።

ቀጥሎ ለምትልኩት ሰው ይህን ንገሩልኝ። ሃይድራ አንጎል የላትም፤ ነርቮቿ እንደ ዓሣ መረብ ገላዋ ላይ ተዘርግተዋል። ለብቻው የተሠራ ጡንቻም የላትም፤ የገላዋ ሴሎች ራሳቸው ግርጌያቸው ላይ የሚኮማተር ክር አላቸው። የውጪዎቹ ክሮች ቁመቷን ተከትለው ይሄዳሉ፣ የውስጦቹ ዙሪያዋን። ከራሷ ገላ የኤሌክትሪክ ምት ሲመጣ የውጪዎቹ ይሰበሰቡና ትንሽ ታጥራለች። ሌላ ምት፣ አሁንም ታጥራለች። ምቶቹ ሲከታተሉ አንድ ሴንቲሜትር የነበረችው ዶቃ ታክላለች። ከዚያ ዝም። ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ እንደገና። ፓሳኖና ማኩሎው የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚያን ጊዜ መሣሪያ መዝግበውታል። የእናንተው «ዘመናዊ» ግን ሶኬት ብቻ ነው የሚያዳምጠው።

የግራውንዱ ሽቦ ውስጥ ላይ ላልቶ እንደሆነ ከፍቶ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ካቻቢቴውን አወጣ፣ ስልኩ ጠራ፣ ወጣ፣ አልተመለሰም። ትናንት ስደውል «ተስተካክሏል ተብሎ ተዘግቷል» ተባልኩ። ማን አስተካከለው?

እዚህ ከደረስን ሌላውንም ልናገር። የኃይል ገመዱ እኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ ማስተካከያውን ከኪሴ ነው የገዛሁት። ማኑዋል ብላችሁ የሰጣችሁኝ ፎቶ ኮፒ ከገጽ 9 ወደ 14 ይዘላል። ዋስትና እያለው ደግሞ የ«ትራንስፖርት» ሂሳብ ላካችሁብኝ፤ ላልተሠራ ሥራ!

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሸርጣን የሚኖርበት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ የምትለጠፍ ሲ አኔሞን የምትባል የባሕር እንስሳ አለች። ፓንቲን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ሥራ፣ በኤሌክትሪክ አንዴ ሲነካት ዝም አለችው። ቶሎ ብሎ ሲደግማት ተኮማተረች። ያቺ አንጎል የሌላት እንኳ በሁለተኛው መልስ ትሰጣለች።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥገና ነበር። አሁን አዲስ መሣሪያ እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ፣ እስከ መጪው ዓርብ። ካልሆነ ገንዘቡ ከነማስተካከያው ዋጋ ይመለስ። ግልባጩን ለዩኒቨርሲቲያችን ግዢ ክፍል አድርሻለሁ፤ ቀጣዩን ጨረታ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የትራንስፖርቱን ሂሳብ አልከፍልም።

ካቻቢቴው እኔ ጋ ነው። «እርስዎ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጥቶ ይውሰደው።

ከሰላምታ ጋር
የፊዚዮሎጂ መምህርቷ